ደዌውን በስሙ ያስጠራ መድኃኒት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው ጐዳና 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልቂጤ የደረሰ መንገደኛ፣ ወይም በሆሳዕናው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዶ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ ከቡታጅራ ያረፈ እንግዳ፣ የምሳው ሰዓት ሲደርስ የትኛውን ደጅ እንደሚያንኳኳ መካሪ አያስፈልገውም። ቀዩ ሥጋ ተከትፎ፣ በኮሰረትና በኮረሪማ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ ሚጥሚጣው ተነስንሶበት በጣባ ይቀርብለታል፤ አይቡና ጎመኑ በግራና በቀኝ ይቀመጡለታል፤ ቆጮውም ትኩሱ ይቆረስለታል። በዚያች ሰዓት እንግዳው የሚያስበው ስለ ከርሡ ደስታ ነው እንጂ ስለ ከርሡ ደዌ አይደለም። ነገር ግን ይህን የመሰለ ማዕድ በአባቶቻችን ዘመን ብቻውን የሚኖር አልነበረም፤ እንደ ጥላ ከኋላው የሚከተለው፣ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ ጌታ ሎሌ ሳይባል በየጊዜው ዐይኑን ጨፍኖ የሚጨልጠው አንድ መራራ ጽዋ ነበረ። ጽዋው ኮሶ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቀውም ስሙን ብቻ ለሚያውቀው ለዛሬው አንባቢ ነው።

ስሙን ብቻ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማ ያደገ አንድ ወጣት ኮሶ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ በሆድ ውስጥ የሚያድር ረጅም ትል ነው ብሎ ይመልሳል፤ የዛሬው ልማድ እንዲህ ስለሚለው መልሱ ስሕተት አይባልበትም። የነገሩ ሥር ሲመረመር ግን ኮሶ አስቀድሞ የዛፍ ስም፣ ቀጥሎም ከዛፉ አበባ የሚዘጋጀው መድኃኒት ስም ነው፤ ትሉ «የኮሶ ትል» የተባለው፣ በኋላም ቃሉ በአጭሩ ተቆርጦ ራሱ ትሉ «ኮሶ» የተባለው፣ ከመድኃኒቱ ስም ተውሶ ነው። የወባ መድኃኒት፣ የሳል መድኃኒት እያልን መድኃኒቱን በደዌው ስም መጥራት የዘወትር ልማዳችን ሲሆን፣ መድኃኒት ዞሮ ደዌውን በስሙ ማስጠራቱ ግን እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። ምክንያቱ እንዲህ ይመስለኛል፤ በየቤቱ በግልጥ የሚታወቀው፣ ቀን የሚቆረጥለትና ወሬ የሚወራለት ጽዋው ነበር፤ ትሉ በሙሉ ቁመናው ለዐይን የሚገለጠው ጽዋው በተጠጣበት ቀን ብቻ ነውና።

ዛፉ የደጋ ዛፍ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 እስከ 3,200 ሜትር ባለው ብርዳማ ከፍታ ላይ ይበቅላል፤ ወልቂጤና ቡታጅራ ግን 2,000 ሜትር ግድም ላይ የተቆረቆሩ ስለ ሆኑ ኮሶ ወደ እነርሱ ይወርዳል እንጂ በእነርሱ ውስጥ አይወለድም። ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ዘቢዳርና የጉራጌ ደጋ ሁሉ፣ ጉመርም ጌታም፣ ለእንዲህ ያለው ዛፍ የሚስማማ ብርድና ጉም ያለበት አገር ነው። ኮሶ እስከ 20 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ቅርፊቱ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ እየተላጠ ይወርዳል፤ ቅጠሉ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደረ፣ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ የወጣ ነው። የሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት ከጽጌ ረዳ ወገን ይቈጥሩታል፤ ይህን የሰማ ሰው መዓዛውን ከጽጌ ረዳ ጋር ለማመሳሰል ወደ አበባው ቢጠጋ ግን ወየውለት። በወገኑ ውስጥ ለራሱ ብቻ የተለየ ስም ይዞ ወንድም እኅት የሌለው ብቸኛ ነው፤ መኖሪያውም ከኢትዮጵያ ተነሥቶ የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች ተከትሎ ወደ ደቡብ እስከ ማላዊና ዛምቢያ ድረስ ይደርሳል።

የመድኃኒትነቱ ምሥጢር ያለው በአበባው ላይ ነው። አበባው እንደ ወይን ዘለላ፣ አንዳንዴም እስከ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ እየረዘመ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ወንዴውና ሴቴው በአንድ ዛፍ ላይ አይገናኙም፤ አንዱ ዛፍ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ይሆናል። የሴቴው ዘለላ ከበድ ብሎ ወደ ቀይ የሚያደላ ሲሆን የወንዴው ሳሳ ብሎ ቀለሙ የፈዘዘ ነው፤ ጥንተ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎችም የሚመርጡት ቀዩን ነበር። ከዚህ በተጨማሪ አበባው በቶሎ ያረጃል፤ ዓመት አልፎት በጆንያ ውስጥ የከረመ ኮሶ መራራነቱ እንዳለ ሆኖ ኀይሉ ይቀንሳል። ስለዚህም በገበያ ላይ ኮሶ መግዛት ዐዋቂነትን የሚጠይቅ ነገር ነበር። ገዢው «እማማ፣ ዘንድሮ የተለቀመ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሻጪቱ «የኔ ልጅ፣ ቀለሙን እይ እንጂ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ» ብላ አንድ ዘለላ በእጇ አንሥታ ታሳየዋለች።

ስለ ኮሶ ሻጭ ካነሣን ዘንድ፣ ንግዱ ለሁሉ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ ነጋዴዋ ግን እንደ ተናቀች መኖርዋን ሳልናገር አላልፍም። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ በተባሉበት ዘመን ጠላቶቻቸው የሚሰድቧቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ተቸግረው ኮሶ ሸጠው ነበር ይባላልና። ከጠላቶቻቸው አንዱ የነበሩት ደጃዝማች ወንድይራድም ይህን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣለሁ ብለው በእቴጌ መነን ፊት ፎክረው ቢዘምቱ፣ ድሉ ለካሣ ሆኖ ደጃዝማቹ ራሳቸው ተማረኩ፤ ካሣም ምርኮኛውን እናታቸው ሳይሸጡት የቀረውን ኮሶ አስጨለጧቸው ተብሎ እስከ ዛሬ ይተረካል። ይህ ታሪክ ለቀልድ ሲነገር እንሰማዋለን፤ እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ካሣ የመረጡት ቅጣት ጅራፍ አይደለም፣ ሰንሰለትም አይደለም፤ አገሩ ሁሉ ጣዕሙን በየጊዜው የሚያውቀው ጽዋ ነው። ታሪኩን የሚሰማ ሰው ሁሉ ያን መራራነት በገዛ ምላሱ ያስታውሰው ነበርና ቅጣቱ ያለ ትርጓሜ ለሁሉ ይገባ ነበር።

አዘገጃጀቱ ቀላል፣ አጠጣጡ ከባድ ነው። የደረቀው አበባ ይፈጫል፤ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ያድራል፤ ሲነጋም ሰውየው ምንም ሳይቀምስ፣ ገና ከርሡ ባዶ ሳለ፣ አንዱን ቅል በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። መቀማመስ የለም፤ የሚቀማምስ ሰው ይሸነፋልና። እኔ በልጅነቴ ጣቴን ነክሬ በምላሴ ጫፍ ብቻ ያየሁት ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ስጠጣ ብውልም ውኃው ራሱ መረረኝ። የጠጣው ሰው ከዚያ በኋላ ማቅለሽለሹን እንደ ምንም ታግሦ፣ እህል ሳይነካ፣ ሆዱ እስኪጸዳ ድረስ ይጠብቃል። ወደ ቀትር ገደማ ነገሩ ሲፈጸምለት ብቻ ነው ቤተ ሰቡ የሚደሰተውና ለእርሱም የሚበላ ነገር የሚቀርብለት።

ይህ ቀን በማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ የራሱ ሕግ ነበረው። ኮሶ የጠጣ ሎሌ ሥራ አይታዘዝም፤ ኮሶ የጠጣ ጌታ እንግዳ አይቀበልም፤ ባለ ጉዳይም ደጅ ጠንቶ «ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ያለ ቅሬታ ይመለሳል። ሰው ማየት ያልፈለጉ መኳንንት ምንም ሳይጠጡ ይህንኑ ቃል ያስነግሩ እንደ ነበር ይወራል፤ ይህም መራራውን ጽዋ ለጨዋ ሰበብ መሸሸጊያ አደረገው። ዛሬ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ቃል የዚያን ጊዜውን ቃል ቦታ ሳይወርስ አልቀረም፤ ልዩነቱ የጥንቱ ሰበብ ለጤናም የሚጠቅም መሆኑ ነው።

አሁን ስለ ትሉ ጥቂት መናገር ይገባል፤ የጽዋውን ሥርዓት ያለ ትሉ ጠባይ ማስተዋል አይቻልምና። በሳይንስ ቋንቋ ቴኒያ ሳጂናታ የሚባለው ይህ ትል በሰው አንጀት ውስጥ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይረዝማል። ራሱ ከመርፌ ራስ እምብዛም አይበልጥም፤ ነገር ግን በአራት መምጠጫዎች አንጀቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ከራሱ በታች ያለው ገላው እንደ መቀነት ተንጠልጥሎ በብዙ መቶ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ በስተ መጨረሻ ያሉት ክፍሎችም እንቁላል ሞልተው እየተበጠሱ ይወጣሉ። እንቁላሉ በሣርና በቅጠል ላይ ወራት መቆየት ይችላል፤ ከብቱ ሲግጠው ከአንጀቱ ወጥቶ በደሙ ተጉዞ በሥጋው ውስጥ እንደ ገብስ ቅንጣት ያለ ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል። ያንን ሥጋ በጥሬው ወይም በለብ ለቡ የበላ ሰው ከረጢቱን ይውጠዋል፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላም ሙሉ ትል የሆነ እንግዳ በከርሡ ይቀመጣል። የእንሰት ጓሮ ቤትን ከብቦ በሚኖርበት፣ ከብቱም የእንሰት ቅጠል እየተቆረጠለት በሚቀለብበት አገር፣ መጸዳጃ ቤት ባልተስፋፋበት ዘመን፣ የሰው ጓሮና የከብት መኖ አንድ ላይ መገናኘታቸው ለትሉ ምን ያህል የተመቸ መንገድ እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ይገምተው። ሚጥሚጣ ትሉን ይገድላል የሚል ወሬ በክትፎ ቤቶች ሲነገር ይሰማል፤ ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ግን የበላተኛውን አፍ ብቻ ነው። ከረጢቱን የሚያጠፋው እስከ ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ የዘለቀ እሳት ወይም ብዙ ቀን የጸና ቅዝቃዜ ነው።

ኮሶ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በአበባው ውስጥ ያሉት፣ ኬሚስቶች ኮሲንና ኮሶቶክሲን እያሉ የጠሯቸው ንጥረ ነገሮች የትሉን ጡንቻ ያሽመደምዱታል፤ የደከመው ትል መያዣውን ሲለቅ የሚያስቀምጠው የኮሶ ጠባይ ጠራርጎ ያስወጣዋል። ዳሩ ግን ሁልጊዜ ራሱ ከገላው ጋር አይወጣም፤ ገላው ተበጥሶ ወጥቶ ያቺ መርፌ ራስ የምታህል ጭንቅላት ከቀረች እንደ ተቆረጠ ቅርንጫፍ እንደ ገና ታቆጠቁጣለች፤ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላም ክፍሎቹ እንደ ቀድሞው መታየት ይጀምራሉ። አባቶቻችን አንዳንዱ በየወሩ፣ አብዛኛው በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረው በዘልማድ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ይህ የቀን አቈጣጠር ከትሉ ዕድገት ጋር እንዲህ መግጠሙን ሳይ፣ አጉሊ መነጽር ሳይኖራቸው በትዕግሥትና በተሞክሮ የደረሱበት ዕውቀት ነው እላለሁ።

አውሮጳውያን ይህን ዛፍ ያወቁት ዘግይተው ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ተቀምጦ ሳለ ኮሶን ሥሎ፣ አጠጣጡንም መዝግቦ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ከቈንጆዎቹና ከጠቃሚዎቹ ዛፎች ጋር ቈጠረው፤ ስሙንም በእንግሊዙ የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት በጆሴፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ አለው። ነገር ግን ይህ ስም ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ዕፀዋት ተሰጥቶ ኖሮ፣ ግሜሊን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1791 እ.ኤ.አ. የኮኒግስበርጉን መድኃኒት ቀማሚ የካርል ሀገንን ስም ሰጥቶ ሀጌኒያ አቢሲኒካ አሰኘው፤ እስከ ዛሬም በሳይንስ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። እንዲህ ሆኖ የጎንደርና የሸዋ፣ የጉራጌም ደጋ ዛፍ፣ አንድ ቀን እንኳ በጥላው ሥር ያልተቀመጠ ሰው ስም ተሸክሞ ቀረ።

ሁለተኛው መንገድ በቁስጥንጥንያ በኩል ነው። በዚያ ከተማ ያክም የነበረ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ አንድ የቡና ቤት አሳላፊ በኮሶ ትል ተሠቃይቶ ሳለ አንድ አርመናዊ ከሐበሻ አገር በመጣ አበባ እንዳዳነው አይቶ መድኃኒቱን ወደ ፓሪስ ላከ ይባላል፤ ኩንት የተባለው የዕፀዋት ሊቅም በ1824 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ዛፍ በሐኪሙ ስም ብራየራ የሚል ሌላ ስም አወጣለት። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኮሶ በለንደንና በፓሪስ መድኃኒት ቤቶች ውድ ሸቀጥ ሆኖ፣ ከዚያም በመንግሥታቱ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ገባ። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን የኮሶን የውጭ ጉዞ ለብቻው አጥንተው በ1979 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። ሆኖም ባሕር ተሻግሮ የደረሰው አበባ ብዙ ጊዜ ያረጀ፣ ወንዴው ከሴቴው የተደባለቀ ስለ ነበር አንዱን ሲያድን ሌላውን አላድን አለ፤ የእኛ ሴቶች በገበያ ላይ በዐይናቸው ብቻ የሚለዩትን የባሕር ማዶ ነጋዴ ሊለየው አልቻለም ነበርና።

ከእነዚህ ጉዞዎች ሁሉ ግን እኔን ያስገረመኝና ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የመጨረሻው ነው። ዊልያም ቦሪኬ የተባለ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ያክም የነበረ ሐኪም፣ ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደጋግሞ ያሳተመው ትንሽ የኪስ መጽሐፍ አለ፤ ሆሚዮፓቲ በተባለው ሕክምና የሚያምኑ ሁሉ እስከ ዛሬ ያገላብጡታል። ከብዙ መቶ መድኃኒቶች መካከል፣ ሰው እምብዛም በማይደርስበት ስፍራ፣ ኮሶ በጥቂት መስመሮች ተጽፎ ይገኛል።

ሆሚዮፓቲ ምን እንደ ሆነ ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ልንገር። መሥራቹ ሳሙኤል ሀነማን በ1755 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የተወለደ ሐኪም ነው። በ1790 እ.ኤ.አ. የወባ መድኃኒት የነበረውን የሲንኮና ቅርፊት ጤነኛ ሳለ ቀምሶ የወባ የሚመስል ስሜት ተሰማኝ ስላለ፣ በጤነኛው ላይ ሕማም የሚያመጣ ነገር ያንኑ የሚመስል ሕማም ያለበትን ሰው ያድናል የሚል ትምህርት አወጣ፤ በ1810 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም አስፋፋው። ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ትምህርቱ ነው፤ መድኃኒት በቀጠነ መጠን ኀይሉ ይበረታል ይላል። አንዱ ጠብታ ከ99 ጠብታ ውኃ ወይም አልኮል ጋር ተቀላቅሎ ይናጣል፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደ ገና ከ99 ጋር ይናጣል፤ እንዲህም እየተባለ ይቀጥላል። ስሌቱን የተከተለ ሰው ከዐሥራ ሁለተኛው ደረጃ በኋላ በጠርሙሱ ውስጥ ከመጀመሪያው መድኃኒት አንዲት ቅንጣት እንኳ መገኘቷ አጠራጣሪ እንደሚሆን ይረዳል፤ እነርሱ ግን እስከ ሠላሳኛውና ከዚያም በላይ ይወጣሉ። የአውስትራሊያ የጤና ምርምር ምክር ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ማስረጃውን ሁሉ መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ ይህን ደዌ በእርግጥ ይፈውሳል የሚያሰኝ የታመነ ማስረጃ ለአንድም ሕመም አላገኘሁም ብሏል።

ታዲያ ኮሶ በዚህ የማቅጠን ጥበብ ውስጥ ገብቶ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ቦሪኬ ስለ ኮሶ የጻፈው ማቅለሽለሹን፣ ማስመለሱን፣ ራስ ማዞሩን፣ የልብ ምት መዛባቱንና ብርቱ ድካሙን ነው፤ አወሳሰዱን ሲናገር ግን ስለ ጠብታ አያነሣም። ግማሽ ወቄት፣ ይኸውም ወደ 15 ግራም ገደማ ዱቄት፣ በሞቀ ውኃ ተበጥብጦ ሩብ ሰዓት ቆይቶ፣ በደንብ ተማስሎ እንዲጠጣ፣ ከዚያም በፊት ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ቢቀድም መልካም እንደ ሆነ ያዝዛል። ከጉራጌ ደጋ እናት ትእዛዝ በምን ይለያል? ምናልባት በሎሚውና ሳያድር በመጠጣቱ። የሚሊዮን ሚሊዮን እጅ የቀጠነውን ጠብታ በሚያወድስ መጽሐፍ ውስጥ ኮሶ ሙሉ ጽዋውን ይዞ መቀመጡ፣ ያ ሐኪም ስለ ትሉ ሲያስብ ከትምህርቱ ይልቅ ለተሞክሮ ማድላቱን ያሳያል። የዐሥር ሜትር ትል በተስፋ ብቻ ከአንጀት አይላቀቅም፤ መኖሩና መውጣቱም በዐይን የሚታይ ነውና መድኃኒቱ ሠራ አልሠራ ብሎ ለመከራከር ቦታ የለም።

ነገር ግን ኮሶ የሚሠራ መድኃኒት ስለ ሆነ የሚጎዳም መድኃኒት ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ በደል ይሆንብኛል። ልኩ በእፍኝና በግምት ስለሚሰፈር፣ የአበባውም ኀይል እንደ ዕድሜው ስለሚለያይ፣ መጠኑ ያለፈበት ሰው በብርቱ ሊታመም፣ ሊሞትም ይችላል፤ ከልክ በላይ ኮሶ የጠጡ ሰዎች የዐይን ብርሃናቸውን እስከ ማጣት መድረሳቸውን የአገራችንን ሕሙማን ያዩ የዐይን ሐኪሞች ጽፈዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፈጽሞ ልትነካው አይገባም፤ ፅንስን ያስወርዳልና። ከኮሶ ጋር ስማቸው የሚነሣው እንቆቆና መተሬም ለዚሁ ትል የሚጠጡ የአገር መድኃኒቶች ናቸው፤ እነርሱን ለማስተዋወቅ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ስለ አገር መድኃኒቶች ካነሣን ዘንድ፣ የቡታጅራ አካባቢ ለሕክምና ተመራማሪዎች ባይተዋር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1979 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በከተማይቱና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የእያንዳንዱን ቤት ልደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሯል፤ የመድኃኒት ጥበብ ሊቃውንትም በዚያው አካባቢ ገበሬው ሲታመም በየትኛው ዕፅ ራሱን እንደሚረዳ መርምረው በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ደጋው በእግር መንገድ ሩቅ ባልሆነበት በዚህ አገር የዕፅ መድኃኒት ከጓሮና ከገበያ እንጂ ከመጽሐፍ የሚገኝ አልነበረም።

ዛፉ ራሱ ግን ከመድኃኒቱ በተለየ መንገድ እየተሳሳ ነው። እንጨቱ ቀይና ጠንካራ ስለ ሆነ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል፤ ደጋውም ለእርሻ ስለሚመነጠር የኮሶ ዛፍ በብዙ ቦታ የሚታየው ብቻውን በእርሻ መካከል ወይም በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ውስጥ ቆሞ ነው። ንብ የሚያረቡ ሰዎች ኮሶ ባበበበት ወቅት የተቆረጠ ማር እንደ አበባው ሁሉ ለትሉ መድኃኒት ይሆናል ይላሉ፤ ይህ እውነት ከሆነ መራራውን ጽዋ ወደ ጣፋጭ የለወጠች ብቸኛዋ ፍጥረት ንብ ናት ማለት ነው።

ክትፎው ግን አልተሳሳም። እንዲያውም በጉራጌ ነጋዴዎች እጅ ከመስቀል በዓል ማዕድ ወጥቶ በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የዘወትር ምሳ ሆነ፤ የጽዋው ቦታ በኪኒን ተተካ። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ኒክሎሳማይድ፣ ቀጥሎም ፕራዚኳንቴል የተባሉት መድኃኒቶች መጥተው፣ አንድ ቀን ሙሉ ቤት ዘግቶ መዋሉን፣ ማቅለሽለሹንና ያንን ምሬት ሁሉ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ተውጦ የሚያልቅ ነገር አደረጉት። «ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል» የሚለው ሰበብም አብሮ ጠፋ።

ዛሬ በወልቂጤ ዋና መንገድ ዳር ወይም በቡታጅራ አደባባይ ወዳለ አንድ መድኃኒት ቤት የገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኮሶ መድኃኒት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በመደርደሪያው ላይ ደረቅ ቀይ አበባ የለም፤ ነጭ ሳጥን ወርዶ ኪኒን ይሰጠዋል። አያቱ እንዲህ ቢባሉ ኖሮ ኮሶ ለምን ሌላ መድኃኒት ይፈለግለታል፣ መድኃኒቱ እርሱ ራሱ አይደለምን ብለው ይደነቁ ነበር። የልጅ ልጁ ግን ሒሳቡን ከፍሎ፣ ኪኒኑን በኪሱ አድርጎ፣ ምሳ ወደ ቀጠረው ወዳጁ ይሄዳል።